ሁመር መድኃኒት ነው? ከድሬዳዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ደንበኛ የሐኪም ወረቀቱን ሰጥቶኝ መድኃኒቱን እስካዘጋጅለት ድረስ ወሬ ይጀመራል። ወሬው ብዙ ጊዜ ሁመር ላይ፣ ተዘፍዝፎ የሚጠጣው ኮምጣጣ ፍሬ ላይ ያርፋል። "ከዚህ ክኒን ጋር ሁመር ብጠጣ ችግር አለው?" "እናቴ ለትኩሳት ሁመር ይበቃል ትላለች፣ እውነት ነው?" "ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አምሮኛል፣ ልጠጣ?" ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ሁመር እወዳለሁ። ስለምወደውም ነው የሚችለውንና የማይችለውን ለይቼ መናገር የምፈልገው።

ሁመርና ሮቃ አንድ ናቸው?

አንድ ናቸው። ድሬና ሐረር ሁመር እንላለን፣ በኦሮምኛ ሮቃ ነው። የታሸገው ላይ "ታማሪንድ" ወይም "ተምር ሂንዲ" የሚል ጽሑፍ ካያችሁም ያው ፍሬ ነው።

ዛፉ ከባቄላና ከአተር ወገን ነው። ከ20 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ከመቶ ዓመት በላይም ይኖራል። ብዙ ሰው ከህንድ የመጣ ይመስለዋል። ህንድ በብዛት ታመርተዋለች እንጂ መነሻው አፍሪካ ነው። እኛ አገር ከ1,500 ሜትር በታች ባለው ቆላ፣ በተለይ በወንዝ ዳር ይበቅላል። ሐረር ከተማ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በግንብ በታጠረው የድሮው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ የሚጠጣው ሁመር ከዙሪያው ቆላ የሚመጣ ነው።

ገበያ ላይ ጥሩውን እንዴት ልለይ?

ሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ ከነቅርፊቱ፣ ወይም ተልጦ የተጠፈጠፈ። ከነቅርፊቱ ከሆነ አንሱና ነቅንቁት። ቅርፊቱ ከሥጋው ተላቆ የሚንኳኳ ከሆነ በስሏል። ቅርፊቱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ካለ ነቀዝ ገብቶበታል፣ ተዉት።

የተጠፈጠፈው ላይ ጠንቀቅ በሉ። አሸዋና ጠጠር ይገባበታል፤ አንዳንዴ ፍሬው ሲደርቅ መሬት ላይ ስለሚሰጣ ነው። ቀለሙ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ የዘንድሮ ነው። የጠቆረው የቆየ ነው፤ ቆየ ማለት ግን ተበላሸ ማለት አይደለም። ሻጋታ ከሌለውና ሽታው ጎምዛዛና ጣፋጭ ከሆነ ይጠጣል። የድሬው ቀፊራም ሆነ የሐረሩ ሸዋ በር ገበያ፣ ቁንጥር አድርጋችሁ ብትቀምሱ ሻጯ አትቆጣም።

ውስጡ ምን አለ?

100 ግራም ሥጋው ውስጥ 240 ገደማ ካሎሪ፣ 57 ግራም ስኳር፣ 5 ግራም አሰር (ፋይበር)፣ 630 ሚሊ ግራም ገደማ ፖታሲየም፣ 90 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዚየም፣ ወደ 3 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ብረት አለ። ቫይታሚን ቢ1ም ደህና ነው። ኮምጣጣነቱ የሚመጣው በዋናነት ከታርታሪክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ ወይን ላይም አለ፣ ሁመር ላይ ግን በጣም ይበዛል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ኮምጣጣ ስለሆነ "ቫይታሚን ሲ ሞልቶታል" ይባላል። አልሞላውም። 100 ግራም ውስጥ ያለው 3.5 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ያው ገበያ ላይ ከጎኑ የተደረደረው ዘይቱን በ100 ግራም ከ200 ሚሊ ግራም በላይ አለው። ለጉንፋን ቫይታሚን ሲ ፈልጋችሁ ከሆነ ዘይቱን ግዙ።

ለሆድ ድርቀት ይሠራል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሁመር በባህል ሕክምና ካሉት ስሞች ሁሉ በደንብ የተመሰከረለት ይሄኛው ነው። ከእኛ አገር እስከ ሱዳን፣ ከየመን እስከ ህንድ፣ ሁሉም ለዚሁ ጉዳይ ይጠቀምበታል። በድሮ ጊዜ የእንግሊዝ መድኃኒት ቀማሚዎችም ሰናመኪ የሚባለውን ሆድ የሚያላላ ቅጠል ከሁመር ሥጋ ጋር ለውሰው ለሆድ ድርቀት ይሸጡት ነበር።

የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። ታርታሪክ አሲዱና ጨዎቹ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አይመጠጡም። አንጀት ውስጥ ሲቀሩ ውሃ ወደ ራሳቸው ይስባሉ፣ ሰገራውም ይለሰልሳል። በዚያ ላይ አሰሩና ፔክቲን የሚባለው ሙጫ መሰል ነገሩ ይጨመራል። ስለዚህ አጥልላችሁ ከምትጠጡት ይልቅ ሥጋው በደንብ የታሸበት ወፈር ያለው ይሻላል።

ከሰናመኪ ጋር ሲተያይ የዋህ ነው። ሰናመኪ አንጀትን ገፍቶ ያንቀሳቅሳል፣ ቁርጠትም ያመጣል፣ ሁመር ያንን አያደርግም። ማታ አንድ ብርጭቆ ወፍራም ሁመር ስኳር ሳይበዛበት ጠጥታችሁ ጠዋት ላይ ውሃ ብትጨምሩበት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ መጠኑን እየጨመሩ መሄድ አያስፈልግም።

ድርቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሰገራ ላይ ደም ካለ፣ ክብደት ከቀነሳችሁ ወይም ሆድ ተነፍቶ ማስታወክ ከመጣ ግን የሁመር ጉዳይ አይደለም። ሐኪም ይያችሁ።

ከጫት በኋላ ሁመር መጠጣትስ?

ይሄ የድሬና የሐረር ጥያቄ ነው፣ ሌላ ቦታ ብዙም አልሰማውም። ጫት ሆድ ያደርቃል፣ ይሄ የታወቀ ነው። ውስጡ ያለው ታኒን የሚባል አጣባቂ ነገር አንጀትን ያዘገያል። በዚያ ላይ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ምሳም እራትም ይዘለላል። ሁመር ድርቀቱን ያላላል፣ በዚህ በኩል ሰዎቹ ትክክል ናቸው።

ግን ባዶ ሆድ ላይ ጫት፣ ከዚያ ኮምጣጣ ሁመር፣ ከዚያ ሻይ ወይም ቡና ሲደራረብ ጨጓራ ይቀጣል። መጀመሪያ ምግብ ብሉ። ቢያንስ ትንሽ ሾርባ ወይም እንጀራ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ጠጡ፤ ውሃው ራሱ የሥራውን ግማሽ ይሠራል።

አቦ፣ ለወባና ለትኩሳት ሁመር አይበቃም እንዴ?

አይበቃም። ይሄን ጥያቄ ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና።

ሁመር ለትኩሳት የሚሰጠው ከጥንት ጀምሮ ነው። ምክንያትም አለው። የታመመ ሰው ምግብ አይወርድለትም፣ አፉ ይመራል። ኮምጣጣ ነገር ምራቅ ያመጣል፣ አፍ ይከፍታል፣ ፈሳሽና ስኳር ወደ ሰውነት ይገባል። በሽተኛው ትንሽ ቀና ሲል ቤተሰቡ "ሁመሩ ሠራ" ይላል። የወባን ጥገኛ ተሕዋስ ግን ሁመር አይገድለውም። በቤተ ሙከራ አንዳንድ የዛፉ ቅጠልና ቅርፊት ጭማቂ ተሕዋሱን ሲያዳክም ታይቷል። ያ ማለት ግን ሁመር የጠጣ ሰው ከወባ ይድናል ማለት አይደለም።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ትኩሳት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ ከተማችን ውስጥ ተነሳ፣ በ2019 ሌላው የትንኝ በሽታ ቺኩንጉንያ መጣ። በ2022 ደግሞ ወባ በበጋ ወቅት ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ተዛመተ። ያመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ ናት። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ክዳን የሌለው ማንኛውም ዕቃ ይበቃታል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም እናጠራቅማለን። ስለዚህ ከሁመር ብርጭቆ ይልቅ የበርሜል ክዳን ቤተሰብን ከወባ ይጠብቃል።

ወባ፣ ደንጊና ቺኩንጉንያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመሳሰላሉ። ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ ከፍ ያለ ትኩሳት። በዓይን አይለዩም። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። የጣት ደም ምርመራው 20 ደቂቃ ገደማ ነው የሚወስደው። ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ሁለትና ሦስት ቀን "እስቲ በሁመር እንየው" ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ላይማ ጭራሽ።

ተመርምራችሁ መድኃኒቱን ከጀመራችሁ በኋላ ሁመር ጠጡ። ፈሳሽ ነው፣ ጉልበት ነው፣ አፍ ይከፍታል። እዚያ ቦታው ነው።

ከመድኃኒት ጋር ይጋጫል?

ከአንዳንዶቹ ጋር አዎ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ በተሠሩ ጥናቶች ሁመር ካለበት ምግብ ጋር አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን የወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ የመድኃኒቱ መጠን ያለ ሁመር ከወሰዱት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ማለትም አንድ ክኒን ውጣችሁ ከአንድ ክኒን የበለጠ ሊሠራባችሁ ይችላል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ጨጓራ የሚያቆስሉ፣ ደም የመርጋት አቅምን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ናቸው።

አሁን ይሄን ከላይ ካለው ከደንጊ ጋር አያይዙት። ደንጊ ራሱ ደም እንዲፈስ ሊያደርግ ይችላል። ደንጊ የያዘው ሰው አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ መውሰድ የለበትም። ትኩሳቱን ለማብረድ የሚመከረው ፓራሲታሞል ነው። ታዲያ ሰውዬው ደንጊ መሆኑን ሳያውቅ አይቡፕሮፌን ውጦ በሁመር ሲያወራርድ አስቡት። ትኩሳት ይዟችሁ ወደ እኔ ስትመጡ "ለራስ ምታት ጠንከር ያለ ስጠኝ" አትበሉኝ። ፓራሲታሞል ነው የምሰጣችሁ፣ ከዚያ ወደ ምርመራ ነው የምልካችሁ። ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ፣ ሆድ በጣም ካመመ፣ ማስታወክ ከተደጋገመ ደግሞ በቀጥታ ሆስፒታል።

ሌሎችም አሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ለልብ በየቀኑ አስፕሪን የታዘዘላችሁ፣ ሁመርን የዘወትር መጠጥ ከማድረጋችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። የኩላሊት ሕመም ያለባችሁና እንደ ኢናላፕሪል ያለ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱም እንደዚሁ። ፖታሲየሙ ደም ውስጥ ሊከማች ይችላል፣ ፖታሲየም ሲበዛ ልብ ላይ ችግር ያመጣል።

ለሌላው ሰው ቀላል ሕግ ልስጣችሁ። ክኒን በውሃ ዋጡ። ሁመሩን ከሁለት ሰዓት በኋላ ጠጡ።

ስኳር በሽታ አለብኝ፣ ልጠጣ እችላለሁ?

"ሁመር ስኳር ያወርዳል" የሚለው ወሬ ሥር አለው። የፍሬውን ዘር ጭማቂ ለአይጦች ሰጥተው ስኳራቸው ሲወርድ ያዩ ተመራማሪዎች አሉ። እኛ የምንጠጣው ግን ዘሩን አይደለም፣ ሥጋውን ነው። ሥጋው ከግማሽ በላይ ስኳር ነው። ጁስ ቤት ደግሞ ላዩ ላይ ሌላ ስኳር ይጨመርበታል፤ ካልተጨመረ ስለሚጎመዝዝ ብዙ ሰው አይጠጣውም።

ስለዚህ ቤት አዘጋጁት፣ ቀጠን አድርጉት፣ ስኳር አትጨምሩበት፣ ግማሽ ብርጭቆ ይብቃችሁ። ምግብ ላይ ለማጎምዘዣ ብትጠቀሙበት ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። የስኳር መድኃኒታችሁን በሁመር እንዳትተኩ።

ጨጓራ ያለበት ሰውስ? ጥርስስ?

ጨጓራችሁ ቁስለት ካለው ወይም ቃር የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሁመር ያቃጥላችኋል። የምግብ ቧንቧ ላይ የሚመለስ አሲድ ላለበት ሰው ማታ መጠጣት በተለይ ጥሩ አይደለም። ለአንዳንዱ ሰው ከምግብ በኋላ ቀጠን ያለ ሲሆን አይከብደውም፤ ሰውነታችሁን አዳምጡ።

ጥርስ ላይ አሲዱ የላይኛውን ሽፋን ያሳሳል። ሥጋውን እንደ ከረሜላ አፍ ውስጥ ይዞ መምጠጥ ከመጠጣቱ የባሰ ነው፣ ጥርሱ ላይ ይቆያልና። ከጠጣችሁ በኋላ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ። ወዲያው ግን አትቦርሹ፣ ግማሽ ሰዓት ቆዩ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሁመር አማረኝ።

ጠጪ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማቅለሽለሽ ሲበረታ ኮምጣጣ ነገር ብዙ እናቶችን ያረጋጋል፤ ሁመርም በብዙ አገር ለዚሁ ይጠጣል። በእርግዝና የሚመጣውን ድርቀትም ያግዛል። መጠኑ የምግብ መጠን ይሁን፣ በቀን አንድ ብርጭቆ። የዛፉን ቅርፊት ወይም ቅጠል አፍልቶ መጠጣት ግን አይሁን። በእርግዝና ስኳር ካለብሽ ከላይ ያለውን መልስ ተመልከቺ። ምንም ነገር ሆድሽ ውስጥ ካልረጋ፣ ሽንትሽ ከጠቆረና ከቀነሰ፣ ሁመሩን ተይና ወደ ሐኪም ሂጂ። ያ ተራ ማቅለሽለሽ አይደለም።

ለተቅማጥ ይጠጣል?

አይጠጣም። ሆድ የሚያላላ ነገር ተቅማጥ ላይ አይጨመርም። ለተቅማጥ የዛፉን ቅርፊት የሚቀቅሉ የባህል ሐኪሞች አሉ። ቅርፊቱ ታኒን ስላለው አንጀት ያጠብቃል። መጠኑን ግን የሚለካ የለም። እኛ መድኃኒት ቤት ያለው ኦ አር ኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) በእርግጠኝነት ሕይወት ያድናል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። አንዱን ፓኬት አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ ስጡ። አተት ከተማ ውስጥ በገባ ሰሞን ደግሞ የመንገድ ሁመርን ባትጠጡ እመርጣለሁ። ፍሬው ምንም አላደረገም፣ የተበጠበጠበትን ውሃ ግን አታውቁትም።

የድሬን ሙቀት ይቋቋማል?

ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲያልፍ ቀዝቃዛ ሁመር ነፍስ ይዘራል፣ ይሄን አልክድም። ኮምጣጣው ምራቅ ስለሚያመጣ አፍ ቶሎ አይደርቅም። ላብ ግን ከሁሉ በላይ የሚወስደው ውሃና ሶዲየም ነው። ሁመር ሶዲየም እምብዛም የለውም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው፣ ግንበኛም ይሁን የባጃጅ ሹፌር፣ ውሃውን ዋናው ያድርግ፣ ምሳውን በደንብ ይብላ። ሁመሩ ይጨመርበት። አንዳንድ ሰዎች ቁንጥር ጨው ጣል ያደርጉበታል፤ ግፊት ከሌለባችሁ ጥሩ ሐሳብ ነው።

ደም ግፊትና ኮሌስትሮል ይቀንሳል?

ትንንሽ ጥናቶች አሉ፣ ተስፋ ይሰጣሉ፣ ግን እዚያ ላይ የሚቆም ነገር አይደለም። ለግፊት ሰዎች ላይ ተፈትኖ የተሻለ ማስረጃ ያለው ከርከዴ የሚባለው ቀይ የአበባ ሻይ ነው፤ እሱም ቢሆን ክኒን አያስተውም።

ለኮሶ ትልና ለሆድ ትላትል?

ሆድ ስለሚያላላ "ትሉን ጠራርጎ ያወጣዋል" ይባላል። የኮሶ ትል አንጀት ላይ የተጣበቀ ነው፣ በማላላት አይለቅም። ርካሽ የትል መድኃኒት አለ፣ ኑ ውሰዱ።

ልጆቼን ስንት ዓመት ሲሆናቸው ልስጣቸው?

ምግብ በደንብ የለመደ ልጅ ቀጠን ያለ፣ የተጣራ፣ ትንሽ ሁመር መቅመስ ይችላል። ጭንቀቴ ዘሩ ነው። የሁመር ዘር ልሙጥና ጠንካራ ነው፣ ትንሽ ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል። ከነዘሩ እየመጠጡ የሚጫወቱትን ትንንሾች ተከታተሉ። ከሌላ አገር የሚመጡ አንዳንድ የሁመር ከረሜላዎች ውስጥ ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ተገኝቶ ያውቃል። ማን እንዳመረተው የማይታወቅ ከረሜላ አትግዙላቸው።

ቅጠሉና ዘሩስ?

የገጠር እናቶች ቅጠሉን ቀቅለው ቁስል ያጥቡበታል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በራሱ ቁስል ያጸዳል፣ ቅጠሉም ጀርም የሚያዳክም ነገር አለው። ቆዳ ላይ ለትንሽ ጭረት አልቃወምም። ለጥልቅ ቁስል፣ ለቃጠሎና ለስኳር በሽተኛ እግር ግን በፍጹም።

ጉሮሮ ሲከረክር ሞቅ ባለ ቀጭን ሁመር መጉመጥመጥ ምቾት ይሰጣል። ማርም ጨምሩበት።

ስለ ዘሩ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ከዘሩ የሚወጣ ሙጫ መሰል ነገር አለ። ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ለደረቀ ዓይን የሚሆን ጠብታ ይሠራበታል። ፋብሪካ ውስጥ ተጣርቶ፣ ከጀርም ነጻ ሆኖ ነው። ይሄን ሰምቶ ዘር ቀቅሎ ዓይኑ ውስጥ የሚጨምር ሰው እንዳይኖር አደራ። ዓይን ያጠፋል።

የስምጥ ሸለቆ ዘመዶቼ ጥርሳቸው ቡናማ ነው። ሁመር ፍሎራይድ ያወጣል ሲባል ሰማሁ።

የሰማችሁት ከእውነት የራቀ አይደለም። ህንድ ውስጥ ለተማሪ ልጆች በቀን 10 ግራም ሁመር ለ18 ቀን ተሰጥቷቸው በሽንታቸው የሚወጣው ፍሎራይድ ጨምሮ ተገኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን በእውነተኛ ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ጥርስን ቡናማ የሚያደርገውም እሱ ነው፤ ሁመር ወጥ ውስጥ መጨመር አይጎዳቸውም። አንዴ ቡናማ የሆነን ጥርስ ግን አያነጻም። ዋናው መፍትሔ የውሃ ምንጩን መቀየር ነው።

በረመዳን ለኢፍጣር ልጀምርበት?

በተምርና በውሃ ጀምሩ፣ ሁመሩን ከሾርባው በኋላ አድርጉት። ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ጨጓራ ላይ ኮምጣጣ መጀመሪያ ሲወርድ ያቃጥላል። ሳምቡሳው ላይ በሁመር የተሠራ ቢስባስ (የሚያቃጥል ማጥቀሻ) ካለም ያው ነው፣ ቀስ በሉበት።

ቤት ውስጥ እንዴት ላዘጋጀው?

100 ግራም የተላጠ ሁመር ለአንድ ሊትር ውሃ ጥሩ መነሻ ነው። መጀመሪያ ሁመሩን ቶሎ ብላችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ አሸዋው ይውጣ። ውሃውን አፍሉ፣ ለብ ሲል ሁመሩን ዘፍዝፉበት። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል። የተቸኮለ ሰው እሳት ላይ ጣድ ያደርገዋል፤ ይሆናል፣ ግን ያን ትኩስ ሽታውን ያጣል። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ እሹት፣ ሥጋው ከዘሩና ከክሩ ይላቀቅ። በማጥለያ አጥልሉት። ለሆድ ድርቀት ከሆነ ማጥለያው ሰፋ ያለ ይሁን፣ ወፈር ብሎ ይውረድ። ስኳር በመጨረሻ ላይ፣ እየቀመሳችሁ። ዝንጅብል ጣል ማድረግ የሚወዱ አሉ፣ እኔም እወዳለሁ።

ዕቃው ላይ አደራ። በአልሙኒየም፣ በመዳብ ወይም የሚያብለጨልጭ ቀለም በተቀባ ሸክላ አትዘፍዝፉ። አሲዱ ከዕቃው ላይ ብረቱን እየበላ መጠጡ ውስጥ ይጨምረዋል። ብርጭቆ፣ ማይዝግ ብረት ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ተጠቀሙ።

ስንት ቀን ይቆያል?

የተበጠበጠው ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን። በድሬ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ማታውኑ መፍላት ይጀምራል፤ አረፋ ካያችሁበት ድፉት። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን የሚጠጣውን ያህል ብቻ አዘጋጁ። ያልተበጠበጠው ግን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ፣ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል። እርጥብ ማንኪያ እንዳታገቡበት።